መኪናው የት ይደር?

በአማርኛ «ጋራዥ» ማለት ሐኪም ቤት ነው። የመኪና ሐኪም ቤት! «መኪናህስ?» ሲሉት «ጋራዥ ናት» ብሎ የመለሰ ሰው ወዲያው «ደግሞ ምን ሆነች?» ይባላል። ፍሬን ነው? ፍሪሲዮን ነው? ስንት ጠየቁህ? ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሁሉ ስለ መካኒክ አመል ይሆናል። ቃሉን ያዋሱን ፈረንጆች ግን መኪና በደኅና ገብታ የምታድርበትንም ቤት በዚያው ስም ነው የሚጠሩት። እኛ የመታከሚያዋን ስም ወስደን ለማደሪያዋ ስም ሳናወጣ ቀረን።

ስም ባናወጣለትም ቦታ ግን ሰጥተነዋል። ያውም እንዴት ያለ ቦታ! የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? «ባለ 4 መኝታ፣ ሰፊ ሳሎን፣ ሰርቪስ ያለው፣ 3 መኪና የሚያቆም ግቢ» ይላል። ደላላውም ስልክ ሲደወልለት ስለ ግቢው የሚናገረው «ሁለት መኪና ዘና ብሎ ያስገባል» ብሎ ነው። ግቢ የሚለካው በመኪና ሆኗል ማለት ነው። «ድንኳን የሚያስተክል ግቢ» የሚል ማስታወቂያ እስከ ዛሬ አላየሁም። «በርበሬ የሚሰጣበት»፣ «ልጅ የሚሮጥበት»፣ «ሽማግሌ ጥዋት ፀሐይ የሚሞቅበት» የሚልም አላየሁም።

እንግዲህ የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚህ ነው። ከመኪና ጋር ጠብ የለኝም። መኪና ያለው ሰው የሚያሳድርበት ይጣ አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቤት ስንሠራ መጀመሪያ የምናስቀምጠው መኪናውን ነው፤ ሰው የሚቀመጠው ከመኪናው በተረፈው ቦታ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት።

አባቶቻችን በቅሎ ይወዱ ነበር። በቅሎ የክብር ምልክት ነበረች። ሰው «በቅሎ አለው» ከተባለ ዛሬ «ላንድክሩዘር ይነዳል» እንደማለት ነው። ኮርቻዋ ያጌጣል፣ ባልደራስ ይቆምላታል፣ ገብስ ይቀርብላታል። የምታድረው ግን በጋጣ ነው። የትኛውም ባለ በቅሎ ጌታ በቅሎውን እልፍኙ ደጃፍ ላይ ገትሮ፣ እንግዳ በሆዷ ሥር ሹልክ ብሎ እንዲገባ አላደረገም። በገጠር ከጅብና ከሌባ ለማዳን ሲሉ ከብቱን ቤት ውስጥ የሚያሳድሩም አሉ። ያም ሆኖ ለከብቱ የተከለለ ቦታ አለው፤ ምድጃው ዙሪያ የሰው ነው። ባላገር ለሚወደው ነገር ወሰን ማበጀት ያውቅበታል።

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባች። ከዚያ በኋላም ለብዙ አሠርት ዓመታት መኪና የጥቂቶች ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሠሩትን የከተማችንን አሮጌ ቪላዎች ብታዩ አሠራራቸው ይገባችኋል። ቤቱ መካከል ላይ ነው። ከፊቱ ሰፊ በረንዳና አትክልት አለ። መኪናው በጎን ባለው መንገድ ቤቱን አልፎ ወደ ጓሮ ይሄድና ከሰርቪስ ቤቱ አጠገብ ያድራል። መኪናው የጋጣዋን ቦታ ወረሰ ማለት ነው። ለዚያ ዘመን ሰው መልካም አሠራር ነበር፤ ምክንያቱም ቦታ ነበረዋ! ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47/1967፣ ስንቱን ባለ ርስት ባዶ እጁን ሲያስቀር እንኳ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ይፈቅድ ነበር።

ዛሬ 500 ካሬ ሜትር ያለው ሰው ባለጸጋ ነው። 200 ያለው ተመስገን ይላል። 175፣ 150፣ 105 እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ቦታው ወረደ፤ ፕላኑ ግን አልወረደም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዲሉ፣ ለሰፊ ግቢ የታሰበውን አሠራር እንዳለ ወስደን 175 ካሬ ላይ ዘረጋነው። በጎን መንገድ ይኑረው፣ ወደ ኋላ ይግባ፣ ጓሮ ይደር።

እስቲ አብረን እናስላ። አንዲት የቤት መኪና በሯ ተከፍቶ ሰው እንዲወርድ ከታሰበ ስፋቱ 2 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ቦታ ትፈልጋለች። 12 ካሬ ሜትር ተኩል ነው። ይህስ ብዙ አይደለም፤ የአንድ መኝታ ቤት ያህል ነው። ጓሮ ድረስ የሚያደርሳት መንገድ ግን ስፋቱ 3፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ቢሆን ሌላ 36 ካሬ ይበላል። ሁለቱ ሲደመሩ 48 ካሬ ሜትር ተኩል ሆነ። ከ175 ካሬ ላይ ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው! በመጀመሪያዎቹ የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብሮች አንድ ሙሉ ቤተሰብ የገባባቸው ባለ አንድ መኝታ ቤቶች ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር ነበሩ። እኛ ለመኪናችን ከዚያ የሚበልጥ ቦታ እንሰጣለን። ያውም መንገዱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጥዋት አንድ ደቂቃ ማታ አንድ ደቂቃ ለሚያገለግል ነገር። የቀረውን ጊዜ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሌላ ነገር እንዳይቀመጥበት መኪናው ማታ ይመጣል።

ጓሮ የማያደርሳቸው ደግሞ አሉ። እነዚህ መኪናውን ከሳሎኑ መስኮት ሥር ያቆሙታል። በከተማችን እጅግ የተለመደው ይኸኛው ነው። በረንዳውን ሦስት ደረጃ ወርዳችሁ እግራችሁ የሚያርፈው መኪናው ላይ ነው። ሳሎን ተቀምጣችሁ በመጋረጃው ውስጥ የምታዩት የመኪና ጣሪያ ነው። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ምን ሊያይ? አንድ ወዳጄ ቤት ሄጄ በረንዳው ላይ የጎማ መለዋወጫ፣ የዘይት ጀሪካንና ባልዲ ተደርድረው አገኘሁ። በረንዳው ራሱ የመኪናው ሳጥን ሆኗል።

ሦስተኛው ዓይነት የፎቅ ቤት ነው። ጂ ፕላስ ዋን ወይም ጂ ፕላስ ቱ የሚሠራ ሰው «ምድሩን ለመኪና፣ ላዩን ለኛ» ይላል። ቦታ ይቆጥባል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን የልጆቹ መኝታ በትክክል ከመኪናው ማደሪያ በላይ ይመጣል፤ ወይም ከመኪናው ማደሪያ ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ በር ይከፈታል። ጥዋት 12 ሰዓት ላይ አባትየው ሞተር ለማሞቅ አስነሥቶ ፊቱን ሊታጠብ ይመለሳል። ከቀዝቃዛ ሞተር የሚወጣው ጭስ በጣም መጥፎው ነው። በውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በክረምት ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ የሚያስቀር ጋዝ ይኸው ነው። ከሰሉን ሁላችንም እንፈራዋለን፤ «ከሰሉን አውጡ!» ሳንል አንተኛም። መኪናውን ግን አልጋችን ሥር እናስነሣለን።

አብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚከተሉት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድ ከጋራዥ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል የሚከፈት በር አይፈቅድም። እኛ የእነሱን ጋራዥ ስንወስድ ይህችን መስመር ትተን ነው የወሰድነው።

የአሜሪካን ነገር ካነሣሁ አይቀር አራተኛውን ዓይነት ልንገራችሁ። ይህ ከውጭ የመጣ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ ወይም ከዳላስ ያለ ወንድማችን ገንዘቡን አጠራቅሞ አገሩ ላይ ቤት ሊሠራ ሲያስብ ፕላኑንም እዚያው ካለበት ሰፈር ይዞ ይመጣል። ጋራዡ ከቤቱ ፊት ወጣ ብሎ፣ ሰፊ በሩ ወደ መንገድ የተገተረ፤ የሰው በር ደግሞ በስተጎን እንደ አፋር ልጅ የተሸሸገ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለዚህ ዓይነቱ ቤት የቅጽል ስም አውጥተውለታል፤ «የአሳማ አፍንጫ» ይሉታል። ቤቱ ከሩቅ ሲታይ አፍንጫ ብቻ ነውና። በኦሪገን ክፍለ ግዛት የምትገኘው ፖርትላንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ጋራዥ የቤቱን የመንገድ በኩል ግድግዳ ከግማሽ በላይ እንዳይዝ ደንብ አወጣች። ምክንያቱ ውበት ብቻ አልነበረም። ሰው መኪናው ውስጥ እንዳለ በሪሞት በሩን ከፍቶ ይገባል፣ በሩ ከኋላው ይዘጋል፤ ጎረቤቱን ዓመት ሙሉ ሳያየው ይኖራል። በሩና መስኮቱ መንገዱን የማያይ ቤት መንገዱን አይጠብቅም።

በጣም የሚያስቀው ደግሞ ያ ሁሉ ቦታ የተሰጠው ጋራዥ ብዙ ጊዜ መኪና የማይገባበት መሆኑ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሎስ አንጀለስ 32 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ሄደው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከአራት ጋራዥ ሦስቱ በዕቃ ከመሞላቱ የተነሣ መኪና አይገባበትም ብለዋል። መኪናው ውጭ ያድራል፤ አሮጌ ሶፋ ጣሪያ ሥር ያድራል። የእኛም ከዚህ አይርቅም። መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ከተሠራ በሁለተኛው ዓመት ሱቅ ወይም ፀጉር ቤት ይሆናል፤ መኪናው ተመልሶ ሳሎኑ መስኮት ሥር ይመጣል።

ነገሩ ለምን ያሳስበኛል? ግቢ ለእኛ ባዶ ቦታ አይደለም። ጣሪያ የሌለው ትልቁ ክፍላችን ነው። በርበሬ የሚሰጣው እዚያ ነው። በርበሬ ፀሐይ ይፈልጋል፤ የሞተር ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ላይ ግን አይሰጣም። ልብስ የሚሰጣው እዚያ ነው። የበዓል በግ የሚታሰረው፣ የሚታረደው፣ ቆዳው የሚወጠረው እዚያ ነው። ልጅ መራመድ የሚማረው እዚያ ነው። ሙሽራ የሚጨፈርለትም፣ ሬሳ የሚወጣውም በዚያ ነው። ፈረንጅ ይህን ሁሉ ከቤቱ ውጭ በሌላ ቦታ ይጨርሰዋል፤ ለሠርጉ አዳራሽ፣ ለሥጋው ሉካንዳ፣ ለሬሳው የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት አለው። እኛ አዳራሹም፣ ቄራውም፣ መሰነባበቻውም ግቢያችን ነው።

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ሟቹ ዘመናቸውን ሙሉ ለፍተው ጥሩ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። የእድሩ ልጆች ድንኳን ይዘው መጡ፤ ግቢው ግን ለድንኳን አልሆነም። በአንድ በኩል በአርማታ የተሠራው የመኪና ማደሪያ፣ በሌላ በኩል ወደ እሱ የሚወስደው ከፍ ያለ መንገድ ይዘውታል። ኮለኑ መሐል ላይ ቆሟል። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ እንትከለው» አሉ ልጆቹ ለእድሩ ሰብሳቢ። ተተከለ። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛው በመንገዱ ላይ፣ ጎርፉ በድንኳኑ ሥር እያለፈ፣ አላፊ መኪና ክላክስ እያደረገ ተቀመጠ። መኪናው ግን ጣሪያ ሥር፣ ደረቅ ቦታ ላይ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ፕላኑ ሲሠራ ግን «እዚህ ቤት ሰው ይሞታል፣ ሰው ይዳራል» ብሎ ያሰበ አልነበረም። «እዚህ ቤት መኪና ያድራል» ብቻ ነው የታሰበው።

ከድንኳኑም የባሰው የልጅ ነገር ነው። ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ከጀርባው ያለ አጭር ነገር አይታየውም። የሁለት ዓመት ሕፃን ደግሞ ከመኪናው የኋላ መስኮት በታች ነው። አባቱ ሲሄድ «ባባ!» እያለ ከኋላ የሚሮጠውም እሱ ነው። መኪናው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ወደ ኋላ የሚወጣ ከሆነ ልጁ የሚጫወትበት ቦታ ሁሉ የመኪና መንገድ ነው ማለት ነው። ሠራተኛዋ «ልጁን ያዙት!» ብላ የምትጮህበት ቤት ስንት ነው? በየቀኑ በጩኸት የሚጠበቅ ግቢ አንድ ቀን የሚጮህ ሰው ይታጣበታል።

ስለ በሩም ላንሣ። የመኪናው በር ላሜራ ነው፤ ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል፣ አራት ሜትር ነው። ሰውስ በምን ይገባል? ከላሜራው ላይ ተቆርጣ በወጣች ትንሽ በር። ከላይ አንገትህን ትደፋለህ፣ ከታች ጉልበትህን ታነሣለህ፤ ምክንያቱም የበሩ የታች ብረት እንደ አጥር ተጋድሟል። እግራቸው የሚያማቸው አንዲት እናት ለቡና ተጠርተው ሲመጡ ይህችን ብረት ለመሻገር ሁለት ሰው ሲደግፋቸው አይቻለሁ። «እማማ፣ ቀስ ብለው… ራስዎን!» ይባላል። በዚሁ ቅጽበት የቤቱ ልጅ በመኪና መጣ፤ ዘበኛው ሮጦ ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተለት። መኪናው ቀጥ ብሎ ገባ፤ እማማ ጎንበስ ብለው ገቡ። እንግዳ አክባሪ ነን የምንል ሰዎች ነን።

ከበሩ ውጭ ያለውም ያው ነው። ግቢው ከመንገዱ ከፍ ካለ መኪናው እንዲወጣ የሲሚንቶ ተዳፋት ከበሩ ውጭ፣ የእግረኛው መሄጃ ላይ ይሠራል። የውኃ መውረጃው ቦይ በላዩ ይደፈናል። አጠገቡ ያለውም የራሱን ይሠራል፤ የእሱ ደግሞ ከፍ ይላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ ዋና ዋና መንገዶች ዳር ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። የሰፈር ውስጡ መንገድ ግን በእያንዳንዳችን በር ላይ ጉብታና ጉድጓድ ነው። ዓይነ ስውርና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ይቅርና ወጣቱም መሐል አስፋልት ይዞ ይሄዳል።

አሁን የሚመጣብኝን መልስ አውቃለሁ። «ታዲያ መኪናዬን የት ላሳድር? ውጭ? ስፖኪዮዬን አንተ ትጠብቅልኛለህ?» ትክክል ነው። ስፖኪዮና ፍሬቻ በአንድ ሌሊት የሚነቀልበት ከተማ ውስጥ ማንም ሰው መኪናውን ከአጥር ውጭ ያሳድር አልልም። ብዙው ሰው መኪና የገዛው በዕድሜ ልክ ጥሪቱ ወይም በብድር ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። መኪና ከአጥር ውስጥ ይደር። ጥያቄው ከአጥሩ ውስጥ የት የሚለው ነው።

የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ከበሩ ገባ ብሎ፣ አንዱን ጎን ይዞ፣ እዚያው ይቁም። ወደ ግቢው መሐል አይለፍ። አምስት ሜትር ገብቶ የሚቆም መኪና መንገድ አያስፈልገውም፤ 36 ካሬው ለሰው ይተርፋል። ጣሪያ ካስፈለገው ቀለል ያለ ቆርቆሮ በቀጭን ብረት ላይ ይበቃዋል፤ አርማታና ሶሌታ ምን ያደርግለታል? የምንመርጥለት ጎን ደግሞ ፀሐይ የማያገኘው ይሁን። የጥዋት ፀሐይ የሚገባበት ጥግ የአያትና የበርበሬ ነው። ቦታው ከመንገድ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ማቆሙ ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ተዳፋት ከተማ ናት፤ በክረምት መኪናውን ተከትሎ ወደ ታች የሚወርደው ጎርፍም ነው። ከግቢው ታች የተሠራ የመኪና ማደሪያ ስንት ጊዜ ኩሬ እንደሚሆን የገጠመው ያውቀዋል።

የሰው በር ለብቻው ይሁን። ከመኪናው በር ራቅ ይበል፤ ደፉ ከመሬት እኩል ይሁን፤ እስከ በረንዳው የሚያደርስ የራሱ መሄጃ ይኑረው። በሁለቱ መካከል ዝቅ ያለ የአበባ መደብ ወይም ሁለት ሦስት የኮባ እግር ቢኖር ልጁ ወሰኑን ያውቃል፤ ሹፌሩም ያውቃል። ይህ ሁሉ ከአንድ በር ሌላ ተጨማሪ ወጪ የለውም። እንዲያውም የመንገዱ ሲሚንቶ ይቀራል።

ስለ ሲሚንቶው አንድ ነገር ልጨምር። መኪና ጭቃ እንዳይነካው ብለን ግቢውን በሙሉ ሊሾ እናደርገዋለን። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በዓመት ከ1,000 ሊትር በላይ ውኃ ይወርዳል። 60 ካሬ ሊሾ ያደረገ ሰው በዓመት 60,000 ሊትር፣ 300 በርሜል ውኃ፣ በበሩ ሥር ወደ መንገድ ያባርራል። ያው ውኃ ከታች ያለውን ጎረቤት ቤት ይገባል። በጋ ሲመጣ ደግሞ «ውኃ ጠፋ» እንላለን። መኪና የሚረግጠው በአራት ጎማ ነው፤ ሁለት መስመር ድንጋይ ይበቃዋል። መካከሉ ሣር ቢሆን መኪናው ቅር አይለውም።

«እኔ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ይህ እኔን አይመለከትም» የሚል አንባቢ ካለ፣ ይመለከተዋል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተገነቡት ኮንዶሚኒየሞች በብሎኮቹ መካከል ክፍት ቦታ ነበራቸው። ለማረጃና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤትም ታስቦላቸው ነበር። ቤቶቹ ሲታቀዱ ነዋሪው መኪና ይገዛል ያለ ጥቂት ነው። ቪትዙ ግን መጣ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ ብሎኩን የከበበ። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ታጥሮ በቁጥር ተከፋፈለ። ዛሬ በየብሎኩ የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ረጅሙ ጭቅጭቅ የመኪና ማቆሚያ ነው። ኳሱ መስታወት ሲሰብር የሚቆጣው ልጁ ነው፤ ልጁ ቦታውን ሲቀማ የተቆጣለት ግን አልነበረም። እዚህም መልሱ ያው ነው፤ መኪናው ወደ ግቢው ዳር፣ ወደ መግቢያው ይጠጋ። ትንሽ በእግሩ የሚሄደው ባለ መኪናው ይሁን። ሞተር ያለው እሱ ነውና!

ነገሩ ደግሞ የማይዘገይበት ምክንያት መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና የጭሱን ነገር ያስቀራል፤ ይህ በጎ ነው። ነገር ግን ሌሊት ቤቱ ሆኖ ኃይል ይሞላል። መኪና ማታ ገብቶ ጥዋት የሚወጣ እንግዳ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ከቤቱ መስመር የሚበላ ቤተሰብ ሆነ ማለት ነው። አሁን በየሰፈሩ ሽቦ በሳሎን መስኮት ወጥቶ፣ በረንዳውን አቋርጦ፣ በዝናብ ውስጥ ወደ መኪናው ሲሄድ እያየን ነው። ልጅ በሚሮጥበት ግቢ! ከቆጣሪው የራሱ መስመር የሚዘረጋለት፣ ዝናብ የማይነካው ቋሚ ቦታ ያስፈልገዋል። ቆጣሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው አጥሩ ላይ፣ በሩ አጠገብ ነው። መኪናው እዚያው በሩ ጋ ቢያድር ሽቦውም ያጥራል። ሌላም አለ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ የለውም። ያ ሕፃን ቀድሞ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ዞር ይል ነበር፤ አሁን የሚሰማው ነገር የለም። ልጁንና መኪናውን መለየት ዱሮ መልካም ነበር፤ ዛሬ የግድ ነው።

ፕላን የሚያሠራ ሰው ይህን ሁሉ መቼ ያስብ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ወረቀት ላይ ሳለ ነው። ኢንጂነሩ የሚያመጣውን ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩት። ሁልጊዜ አንዲት መኪና ተስላበታለች። መስታወቷ፣ ጎማዋ፣ አንዳንዴም ጥላዋ ሳይቀር ተሥሏል። ሰው ግን የለበትም። እንግዲህ ይህን በሉት፦ «ኢንጂነር፣ መኪናዋን ለጊዜው አጥፋት። መጀመሪያ የእድራችንን ድንኳን ሣልልኝ። ቀጥለህ የእናቴን በርጩማ ፀሐይ ያለበት ቦታ ላይ፣ የቡናውን ረከቦት በረንዳው ላይ፣ የልጄን ኳስ መሐል ላይ ሣል። እንግዳ ጎንበስ ሳይል የሚገባበትን በር ሣል። ከዚያ መኪናዋን በተረፈው ቦታ አስገባት።»

ትገባለች፤ አትጠራጠሩ። ማጠፍ የሚቻል መሪ ያላት እሷ ናት።